የላፕቶፕዎ ካሜራ ምስል አላሳይ ሲልዎ

ሰኔ በገባ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ አንድ ዓይነት ጥድፊያ አያለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ የመጣ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ቀጠሮ ይዟል፤ የውጭ ፈታኙ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆነው በዙም ይጠብቁታል። ድምፁ ይሰማቸዋል፣ ያዘጋጀው ስላይድ ይታያቸዋል፣ ፊቱ ግን የለም። በፊቱ ቦታ ጥቁር አራት ማዕዘን ተቀምጧል። ልጁ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በባጃጅ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ያስፈልገዋል» የሚል ነው።

አንዲት ተማሪ ይህንኑ መልስ ሰምታ እሺ አለች። የስድስት ወር የመስክ መረጃዋ ከነፎልደሩ ጠፋ። ላፕቶፑን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ ካሜራው አሁንም ጥቁር ነበር። ከስክሪኑ በላይ ያለውን ጠርዝ በስልኬ ባትሪ አበራሁበት፤ ሌንሱ መሆን በነበረበት ቦታ ቀይ ነጥብ ታየኝ። በጥፍሬ ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው «ጠቅ» አለና ሌንሱ ብቅ አለ። ቀዩ ነጥብ የመከለያው ምልክት ነበር። ኮምፒዩተሩ ፎርማት የተደረገው መከለያው እንደተዘጋ ነው።

ይህን የምጽፈው ያ እንዳይደገም ነው። በእጄ ካለፉት ላፕቶፖች መካከል «ካሜራው ተቃጥሏል» ተብለው የመጡት አብዛኞቹ ደህና ካሜራ ነበራቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ተዘግቶ ነው የተገኘው። በመከለያ፣ በቁልፍ፣ በፈቃድ ወይም በሌላ ፕሮግራም ተይዞ። ስለዚህ ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ይሂድ።

የሚያስፈልግዎ ጥቂት ነገር ነው፦ ግማሽ ሰዓት፣ ቻርጀር፣ የስልክ ባትሪ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ የሚያዩትን የሚጽፉበት ወረቀት። መፍቻ አያስፈልግም። ከታች የምገልጸው ዊንዶውስ 10 እና 11 ለጫኑ ላፕቶፖች ነው።

ስብሰባው ሊጀምር ከሆነ

ሃያ ደቂቃ ብቻ ከቀረዎት ካሜራውን ለመጠገን አይሞክሩ። የስብሰባውን ሊንክ በስልክዎ ይክፈቱና ለፊትዎ ስልኩን፣ ለስላይዱ ላፕቶፑን ይጠቀሙ። ዙምም ሆነ ጉግል ሚት አንድ ሰው በሁለት መሣሪያ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ወሳኙ ነገር ድምፁ ነው፤ የላፕቶፑን ማይክም ድምፅ ማጉያም ይዝጉ፤ አለበለዚያ ሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየተቀበለ የሚያስጨንቅ ጩኸት ያወጣሉ። ስልኩን በእጅዎ አይያዙት። መጻሕፍት ደርድረው በዓይንዎ ቁመት ያስደግፉት፤ ቻርጀርም ይሰኩበት።

የተቀመጡበትንም ይዩ። ሐይቁ ዳር ባለ ቤት ወይም ካፌ ውስጥ ብዙ ሰው ጣናን ከኋላው አድርጎ ይቀመጣል፤ ለዓይን ደስ ይላል። ካሜራው ግን ለውኃው ነጸብራቅ ሲል ብርሃኑን ይቀንስና የእርስዎን ፊት ጥላ ያደርገዋል። ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩ። ስብሰባው ሲያልቅ በሰከነ መንፈስ ወደሚከተሉት ደረጃዎች ይመለሱ።

1. ስክሪኑ የሚለውን በቅጡ ያንብቡ

ከዙምም ከቴሌግራምም በፊት ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን «ካሜራ» የሚባል አፕ ይክፈቱ። የስታርት ቁልፉን ተጭነው ስሙን ቢጽፉ ይመጣል። ዙም ላይ ያጡትን ምስል እዚህ ካገኙት ካሜራው ጤነኛ ነው፤ ጣጣው ከዙም ጋር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 እና 5 ይሂዱ። እዚህም ከሌለ የሚያዩትን ምልክት ለይተው ይጻፉ።

ምስሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከሌንሱ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ከበራች፣ ኮምፒዩተሩ ካሜራውን አግኝቶታል፤ ካሜራው ግን የሚያየው ጨለማ ነው። ከፊቱ የከለለው ነገር አለ። ግራጫ መደብ ላይ የተሰረዘ የካሜራ ሥዕል ከመጣ የግላዊነት ቁልፉ ተጭኗል። ሁለቱንም ደረጃ 2 ይፈታቸዋል።

የስህተት መልእክት ከመጣ ከሥሩ ያለውን ረጅም ቁጥር ፎቶ ያንሱት። መጨረሻው 4244 ከሆነ ዊንዶውስ «ካሜራ የሚባል ነገር አላገኘሁም» ማለቱ ነው፤ 4243 ከሆነ ደግሞ «ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል»። የመጀመሪያው ደረጃ 2ን ካዩ በኋላ ወደ ደረጃ 6 እና ከዚያ በኋላ ወዳሉት ይወስድዎታል፣ ሁለተኛው ወደ ደረጃ 4። ሁለቱን ሳይለዩ ጥገና ቤት መሄድ ሆድ ይሁን ራስ የቱ እንዳመመዎት ሳይናገሩ መድኃኒት እንደ መጠየቅ ነው።

ምስሉ መጥቶ የሚጠፋ፣ ስክሪኑ ሲነካ የሚመለስ ከሆነ ደረጃ 8ን ያንብቡ።

2. መከለያውን፣ ቁልፉንና ሌንሱን ይፈትሹ

የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከስክሪኑ በላይ ያለውን ጠርዝ ከግራም ከቀኝም ይዩት። ደህናው ሌንስ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ዓይን ብሌን ያብለጨልጫል። ደብዛዛ ፕላስቲክ፣ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ከታየዎት መከለያው ተዘግቷል። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ እና የኤችፒ ኤሊትቡክ ብዙ ሞዴሎች በጥፍር የሚገፋ መከለያ አላቸው። ላፕቶፑ ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ፣ ስክሪኑም ሲወለወል ሳይታወቅ ይዘጋል።

አንዳንዱ ደግሞ መከለያው ከላይ አይገኝም። በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድና ሊጅን፣ በአንዳንድ ኤችፒዎችም የካሜራው ማብሪያ ማጥፊያ በላፕቶፑ ጎን፣ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለች ትንሽ ተንሸራታች ናት። የሚከብደው ይሄ ነው፤ ማብሪያዋ ስትጠፋ የካሜራው ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥ ዊንዶውስ ካሜራውን ጨርሶ ላያየው ይችላል። «ካሜራ የለም» የሚል መልእክት መጣ ተብሎ ድራይቨር ሲፈለግ የሚዋለው፣ አንዳንዴ በዚች ማብሪያ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው መዝጊያ ኪቦርዱ ላይ ነው። በላይኛው ረድፍ ላይ የተሰረዘ ካሜራ የተሳለበት ቁልፍ ይፈልጉ። በአንዳንድ ሌኖቮዎች ኤፍ 8፣ በብዙ አሱሶች ኤፍ 10 ላይ ይገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑት፤ ለውጥ ከሌለ «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ ይዘው ይድገሙት። ደጋግሞ መጫን ስህተት ነው፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም። ቁልፉ ላይ መብራት ካለ በርታለች ወይስ ጠፍታለች የሚለውን ይጻፉ።

አሁን ሌንሱን ይጥረጉ። ደረቅ፣ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ይበቃል። በሰው እንዳልታይ ብለው የለጠፉት ፕላስተር ካለ ቀስ ብለው ያንሱት፤ ሙጫው ከቀረ ጨርቁን በጣም በጥቂት አልኮል አርጥበው ያብሱት። አልኮልን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ መርጨት፣ በምላጭ ወይም በመርፌ መፋቅ አይገባም፤ የተጫረ ሌንስ ከዚያ በኋላ ዘላለሙን እንደ ጭጋግ ነው የሚያሳየው።

ለሐይቅ ዳር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ ሲመለሱ ማዕበል ቦርሳዎ ላይ ከተረጨ፣ ክረምት ላይም ዝናብ መትቶት ከገባ፣ ላፕቶፑን ወዲያው አያብሩት። ቻርጀሩን አይሰኩ። ከፍተው አየር በሚገባበት ጥላ ላይ ቢያንስ ሙሉ ቀን ያቆዩት። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ በፀጉር ማድረቂያ መንፋት እርጥበቱን ወደ ውስጥ ሊገፋው፣ ፕላስቲኩንም ሊያጣምመው ይችላል። ምስሉ የሚመጣ ግን የተነፈሱበት መስታወት የመሰለ ከሆነ ሌንሱ ላይ ጤዛ አለ፤ እንዲደርቅ ጊዜ ይስጡት።

3. በትክክል አጥፍተው ያብሩት

ብዙ ሰው ላፕቶፑን አጠፋሁ ሲል ክዳኑን መዝጋቱ ነው። ያ ማስተኛት እንጂ ማጥፋት አይደለም። ሌላው የማይታወቅ ነገር፣ ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል እንኳ በቶሎ ለመነሳት ሲል የሥርዓቱን ከፊል ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሲበራ ያንኑ ከነእክሉ ያነሣዋል። «ሪስታርት» ግን ሁሉን ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚያስፈልግዎ ሪስታርት ነው።

ካልረዳ ላፕቶፑን ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ከውጭ የሚወጣ ባትሪ ካለውም ያውጡት፤ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። የአብዛኛው ላፕቶፕ ካሜራ ውስጥ ለውስጥ በዩኤስቢ መስመር የተያያዘ ነው፤ መስመሩ አንዳንዴ ይቆለፋል፤ በተለይ መብራት ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ድንገት ድርግም ሲል። የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሲወጣ መስመሩ እንደገና ይነሣል። ባትሪዎ የደከመ ከሆነ ወደሚቀጥሉት ደረጃዎች ከመሄድዎ በፊት ቻርጀሩን ይሰኩ፤ ድራይቨር እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ሌላ ጣጣ ነው።

4. ካሜራውን ማን ይዞታል?

ካሜራው እንደ አንድ ሰው ጀልባ ነው፤ አንዱ ከተሳፈረበት ሌላው ዳር ላይ ይጠብቃል። ማታ ከውጭ ካለ ዘመድ ጋር በቴሌግራም የተደረገ የቪዲዮ ጥሪ በትክክል ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ወይም የሚት ስብሰባ በአንድ የብራውዘር ገጽ ላይ ተከፍቶ ተረስቶ፣ ጠዋት ዙም ጥቁር ያሳያል። ቴሌግራምን በ«ኤክስ» ምልክቱ መዝጋት አይበቃም፤ ከታች በቀኝ ጥግ ከሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትናንሽ ምልክቶች መካከል አግኝተው፣ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኩዊት» ይበሉት። ብራውዘሩንም ሙሉ በሙሉ ይዝጉ።

ማን እንደያዘው ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በሚቀጥለው ደረጃ የምንከፍተው የካሜራ ፈቃድ ገጽ ላይ፣ በዚያች ቅጽበት ካሜራውን እየተጠቀመ ያለው አፕ በስሙ ሥር «ከረንትሊ ኢን ዩዝ» ተብሎ ተጽፎ ያዩታል። የማያውቁት ፕሮግራም ይዞት ካገኙ ያኔ ጉዳዩ ከብልሽት ያልፋል፤ ኢንተርኔቱን ያቋርጡና ኮምፒዩተሩን በጸረ ቫይረስ ያስፈትሹት።

ጸረ ቫይረሱ ራሱም ከልካይ ሊሆን ይችላል። ካስፐርስኪን የመሳሰሉት «ዌብካም ፕሮቴክሽን» የሚባል ጥበቃ አላቸው። ጸረ ቫይረሱን ጨርሰው አያጥፉት፤ ዙምን ወይም ሚትን ብቻ ከተፈቀደላቸው ውስጥ ያስገቡ።

5. ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ

በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ፕራይቬሲ» ይገቡና «ካሜራ» የሚለውን ይመርጣሉ። እዚያ የሚያገኙት ሦስት በር ነው። የመጀመሪያው ለመላው ኮምፒዩተር ነው፤ ይህ ከተዘጋ የትኛውም አፕ አያይም። ሁለተኛው ከማይክሮሶፍት ስቶር ለመጡ አፖች ነው። ሦስተኛው ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱ የሚገኘው «ዴስክቶፕ አፕስ» ነው፤ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ዙም፣ ክሮም እና ከድረ ገጽ ያወረዱት ቴሌግራም የሚያልፉት በዚህ በር ነው። ካሜራ የሚባለው አፕ ምስል እያሳየ ዙም ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይዩ።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነና ማብሪያዎቹ ደብዝዘው አልነካ ካሉ ቅንብሩን የሚያዝዘው የቢሮው የኮምፒዩተር ክፍል ነው። እነሱን ያነጋግሩ፤ በጉልበት ለመስበር አይሞክሩ።

የብራውዘሩ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ጉግል ሚት በክሮም ሲከፈት «ካሜራ ልጠቀም?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ያኔ ቸኩለው «ብሎክ» ካሉት ደግሞ ላይጠይቅዎት ይችላል። የስብሰባው ገጽ ተከፍቶ እያለ ከላይ፣ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ትንሽ ምልክት ይጫኑ፤ ካሜራውን «አላው» ያድርጉና ገጹን እንደገና ይጫኑት።

በመጨረሻም የተመረጠው ካሜራ ትክክለኛው መሆኑን ያረጋግጡ። በዙም ሴቲንግ ውስጥ «ቪዲዮ» የሚለው ላይ የካሜራዎች ስም ዝርዝር አለ። ከዚህ በፊት ኦቢኤስ የሚባለውን የቪዲዮ መቅረጫ ወይም ስልክን ካሜራ የሚያደርግ ፕሮግራም ጭነው ከነበረ፣ ዙም እውነተኛውን ትቶ የዚያን ፕሮግራም ባዶ ካሜራ ይዞ ሊቀር ይችላል። ብዙውን ጊዜ «ኢንተግሬትድ ካሜራ» ወይም የላፕቶፑ ስም ያለበት ነው የእርስዎ።

6. ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ

ሰው የሚፈራው ይህን ገጽ ነው፤ አይፍሩት። የስታርትን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ዲቫይስ ማናጀር» ይበሉ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ካሜራስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከሌለ «ኢሜጂንግ ዲቫይስስ» የሚለውን ይዩ። አራት ነገር ሊያጋጥምዎ ይችላል።

የካሜራው ሥዕል ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ አንድ ሰው አጥፍቶታል። በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኢኔብል ዲቫይስ» ይበሉት፤ አለቀ።

ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካለ ድራይቨሩ ታሟል። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ነው። በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ይበሉና ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ያድርጉት፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ካሜራውን አይቶ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ድራይቨር» ገብተው «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ይሞክሩ፤ ወደ ቀድሞው ይመልስዎታል።

ምልክት የለውም፣ ምስልም የለውም ከሆነ «አፕዴት ድራይቨር» ብለው ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ዝርዝር መምረጥን ይምረጡና «ዩኤስቢ ቪዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን ይውሰዱ። ይህ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው አጠቃላይ ድራይቨር ነው፤ ለአብዛኞቹ ካሜራዎች ይሆናል፤ ምንም ማውረድ አያስፈልገውም።

ጭራሽ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «ቪው» ውስጥ «ሾው ሂድን ዲቫይስስ» ይበሉ፤ ከዚያ «አክሽን» ውስጥ «ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ»። አሁንም ከሌለ የጎኑን ማብሪያ ደግመው ይዩና ወደ ደረጃ 7 ይለፉ።

ስለ ማውረድ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ» የሚሉ ጥቅሎችን አይንኩ። የዳታ ጥቅልዎን ጨርሰው የማያውቁትን ፕሮግራም ይጭኑልዎታል። ድራይቨር የሚወሰደው ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር በተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ብቻ ነው፤ ዴል ከሆነ «ሰርቪስ ታግ» የሚባለውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ምልክት ይጠቀሙ። በስልክ ሆትስፖት የሚሠሩ ከሆነ ዊንዶውስ ዳታ ለመቆጠብ ድራይቨር ማውረዱን አቁሞት ሊሆን ይችላል። «ሚተርድ ኮኔክሽን» በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ለጊዜው ያጥፉት፤ ሲጨርሱ ይመልሱት። ኔትወርኩ በማያስተማምንበት ሰሞን ደግሞ ድራይቨሩን ኢንተርኔት ካለበት በፍላሽ ይዘው መምጣት ይሻላል።

በቅርብ ዓመታት የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ካሜራቸውን በዩኤስቢ ሳይሆን በቀጥታ ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር ነው የሚያያይዙት። ለእነዚህ አጠቃላዩ ድራይቨር አይሆንም፤ የአምራቹ የግድ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ካሜራው «የጠፋ» ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ካሜራ ይስተካከል ብሎ ፎርማት ማድረግ ደህናውን ካሜራ የሚያሳጣበት ጊዜ አለ የምለው ለዚህ ነው።

የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ «ካሜራው መሥራት ያቆመው ለዚያ ነው» የሚል ሰው ሊያጋጥምዎ ይችላል። ድጋፉ መቆሙ እውነት ነው፤ የደህንነት ጥገና ማጣትም ያሳስባል። ሲሠራ የነበረ ካሜራን ግን በዚያ ምክንያት አያጠፋውም።

7. ባዮስ ውስጥ ይመልከቱ፤ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ

ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ነው። እዚያ የተዘጋ ካሜራ ለዊንዶውስ እንዳልተፈጠረ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩን ሲያበሩ ወዲያው በኤችፒ ኤፍ 10ን፣ በዴል ኤፍ 2ን፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1ን ደጋግመው ይጫኑ። ኤችፒ ላይ «ቢልት ኢን ዲቫይስ ኦፕሽንስ»፣ ቲንክፓድ ላይ በ«ሴኪዩሪቲ» ሥር «አይ ኦ ፖርት አክሰስ» ውስጥ «ኢንተግሬትድ ካሜራ» የሚል ያገኛሉ። «ኢኔብልድ» ያድርጉት፤ ኤፍ 10ን ተጭነው አስቀምጠው ይውጡ። ሌላ የማያውቁትን ነገር አይነካኩ፤ ከመለወጥዎ በፊት ገጹን ፎቶ ያንሱት።

ይህ ደረጃ በአገራችን ትልቅ ቦታ አለው፤ ገበያ ላይ ያሉት ብዙ ላፕቶፖች ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸውና። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለምስጢር ሲል ካሜራውን በባዮስ ዘግቶ በፓስወርድ ይቆልፈዋል። ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያው ያለ ካሜራ ያዝዛል፤ ቲንክፓድና ኤሊትቡክ ካሜራ ሳይገጠምላቸው የተሸጡ አሉ፤ ጠርዙ ላይ ሌንስ የሚመስል ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ከውስጥ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት የካሜራውን አፕ ያስከፍቱ፤ ባዮስ ውስጥም ገብተው ፓስወርድ እንዳልጠየቀዎት ያረጋግጡ። ሻጩ «ቤት ሲደርሱ ድራይቨር ይጭኑበታል» ካለዎት እዚያው ጭኖ ያሳይዎት።

8. ገመዱና ማጠፊያው

እስካሁን ካልተፈታ የካሜራው አፕ ተከፍቶ እያለ ስክሪኑን በሁለት እጅ ይዘው በጣም በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ያዘንብሉት። በአንድ ማዕዘን ላይ ምስሉ ብልጭ ካለ፣ ወይም ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካሜራው እየገባ ከወጣ፣ ነገሩ ገመድ ነው። የካሜራው ቀጭን ገመድ ከዋናው ቦርድ ተነሥቶ በማጠፊያው ውስጥ አልፎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ላፕቶፑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል። ማጠፊያው የተሰነጠቀ ወይም «ቀጭ» የሚል ከሆነ ገመዱን እየቆነጠጠው ነው። ስክሪን በአንድ ጥጉ ይዞ መክፈት ይህን ያፋጥናል፤ መሐሉን ይዘው ይክፈቱ።

ሌላው የተለመደ ምክንያት ከዚህ በፊት የተደረገ ጥገና ነው። ስክሪኑ ተሰብሮ ካስቀየሩ በኋላ ካሜራው ከጠፋ፣ የካሜራው ሶኬት ሳይሰካ ቀርቷል ወይም ላልቷል ብለው ይጠርጥሩ። አዲስ ካሜራ ግዙ ቢባሉ መጀመሪያ ሶኬቱ እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ የኮምፒዩተር ሥርዓት የተጫነበት ፍላሽ የሚያበድርዎ ሰው ካለ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሡና «ትራይ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ኢንስቶል» የሚለውን ግን በፍጹም አይንኩ። እዚያ የካሜራ ፕሮግራም ከፍተው ምስል ካዩ ካሜራውም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ሕመሙ ዊንዶውስ ላይ ነው። እዚያም ከሌለ ምርመራው ወደ ገመዱና ወደ ካሜራው ያዘነብላል።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ጽሑፍዎን፣ ፎቶዎን፣ መረጃዎን በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ለባለሙያው «ካሜራው አይሠራም» ብቻ አይበሉ፤ የጻፉትን ወረቀት ይስጡት፦ መብራቷ ትበራለች ወይስ አትበራም፣ የስህተቱ ቁጥር ስንት ነው፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ አለ ወይስ የለም፣ ስክሪኑ ሲዘነብል ምን ይሆናል፣ ስክሪን ተቀይሮ ያውቃል ወይ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲያይ ሥራው ግማሽ ያልቅለታል። ያለ እርስዎ ፈቃድ ፎርማት እንዳይደረግ በግልጽ ይናገሩ። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌውን ይቀበሉ፤ አዲሱም ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆኑን ቁጥሩን አስተያይተው ይዩ።

ከመቀበልዎ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ የካሜራውን አፕ ይክፈቱና ስክሪኑን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ምስሉ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ጥቁር መስመር እየተንቀሳቀሰበት ከሆነ አይደንግጡ፤ የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ሲሆን ካሜራው ለ60 ተስተካክሎ ይሆናል። በአፑ ሴቲንግ ውስጥ «ፍሊከር ሪዳክሽን» የሚለውን ወደ 50 ይለውጡት። ከዚያ ክዳኑን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት፤ ምስሉ ሳይቆራረጥ ከመጣ ሂሳቡን ይክፈሉ።